የሞተር መጋዝ እየሠራ ድንገት ሲጠፋ፦ መንስኤውን ማግኛና መንከባከቢያ ዝርዝር መመሪያ

የሞተር መጋዝ እየሠራ መጥፋት ሲያበዛ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ካቻቢቴ ነው። በካርቡራቶሩ ጎን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ የተሻለው ይመስላል፤ ከዚያ ይብሳል። አሁን ችግሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ የቀድሞው ብልሽት እንዳለ ነው፣ የካርቡራቶሩ ልክም ተዛብቷል። ትናንት ግንድ ሲቆርጥ ውሎ ዛሬ በሚጠፋ መጋዝ ላይ ጥፋተኛው ካርቡራቶሩ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ካቻቢቴውን ወደ መጨረሻ አቆይቶ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ ሞተሩ የጠፋው ምን ላይ እያለ ነው?

የሚከተለው ሁሉ በቤንዚንና በዘይት ቅልቅል የሚሠራውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ይመለከታል። መጋዙ ስቲል ይሁን ሁስክቫርና፣ ወይም የእነርሱን ቅርጽ ይዞ የተሠራ ርካሽ ዕቃ፣ አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ነው።

ከመንካትዎ በፊት

ማጥፊያውን ያጥፉ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ የካንዴላውን ኮፍያ ይንቀሉ። ሰንሰለቱን የሚነኩ ከሆነ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ጥርሱ እጅ ይቆርጣል። በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ የሰርባቶዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) ክዳን አይክፈቱ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ከመጋዙ ጋር የሚመጣው የካንዴላ ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ፣ የሰንሰለት ሞረድ። በተጨማሪ አንድ አዲስ ካንዴላ በእጅ ይኑርዎት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ፍለጋ ግን ያስቀራል።

መጀመሪያ አጠፋፉን ያስተውሉ

ሞተር ሲጠፋ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማጥፊያው በእጅ የተነካ ያህል በአንዴ ቀጥ ይላል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፦ ካንዴላ፣ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው)፣ ወይም የማጥፊያው ሽቦ። ሌላው እየደከመ፣ እየተንተፋተፈ ይሞታል፤ ይህኛው የቤንዚን ወይም የአየር ጉዳይ ነው። ከመጥፋቱ በፊት ድምፁ ቀጥኖ ፍጥነቱ በራሱ የሚጨምር ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፣ ወይም ከማይገባበት ቦታ አየር እየሳበ ነው። በዚህ ሁኔታ መቁረጥዎን ወዲያው ያቁሙ። በዚህ ሞተር ውስጥ የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፣ ፒስቶኑ ይቦጨቃል።

ቀጥሎ የጠፋበትን ጊዜ ያስታውሱ። ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ መጋዝ ያረጀ ቤንዚን፣ የተደፈነ የቤንዚን ፊልትሮ ወይም ሳይመለስ የቀረ ቾክ (ሲያስነሡ አየር የሚዘጋው) ሊኖርበት ይችላል። ነዳጅ መስጫውን ሲለቁት የሚጠፋ ከሆነ የአየር ፊልትሮውንና ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ይጠርጥሩ። ነዳጅ ሲሰጡት የሚታፈን ከሆነ ወይ ቤንዚኑ በበቂ አይደርስም፣ ወይ ጭሱ መውጫ አጥቷል። ግንድ ውስጥ ሲገባ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ሰንሰለቱን ይመልከቱ። ወደ ጎን ሲያጋድሉት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሰርባቶዮው ሊያልቅ ደርሷል፣ ወይም በውስጡ ያለው ቱቦ አጥሮ ወይም ደርቆ ፊልትሮው ቤንዚኑን አይከተልም፤ ሁለቱም ካልሆኑ የዋናው ዘንግ ኦይል ሲል (በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የሚዘጋው ጎማ) አርጅቷል።

ከሁሉም ሰውን የሚያደክመው ግን አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በደንብ ሠርቶ የሚጠፋው፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሣው ነው። ለዚህ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው፦ የሰርባቶዮው መተንፈሻና ቦቢናው። እንዴት እንደሚለዩ በየቦታቸው እናያለን።

እርምጃ 1፦ ቤንዚኑን ይመርምሩ

አሁን በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መጋዞች 50 ለ1 ቅልቅል ይፈልጋሉ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። አንዳንድ የቆዩና ርካሽ መጋዞች 25 ለ1 ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ነው። ልኩ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። በዓይን ግምት መቀላቀል ይቅር፤ መርፌ የተነቀለለት 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ቢገዙ ሥራውን ይጨርስልዎታል። ዘይቱ በአየር ለሚቀዘቅዝ የሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን፤ ጃሶ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ የሚል ደረጃ ያለው ጥሩ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም። በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራውም አይሆንም።

ቤንዚኑ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካንና በሃይላንድ ላስቲክ መንገድ ዳር የሚሸጠው ይገዛል፤ በውስጡ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ውኃውን መለየት ቀላል ነው። ከሰርባቶዮው የቀዱትን ቤንዚን ንጹሕ ግልጽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ከእሳትና ከልጆች ርቆ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ውኃ ካለ ከታች ዘቅጦ፣ በመካከላቸው መስመር ሠርቶ ይታያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን መስመር አይሠራም። ጠብታውን ወረቀት ላይ ቢያንጠባጥቡ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታማ ምልክት ትቶ ይቆያል። ይህን ሙከራ ዘይት ከመቀላቀልዎ በፊት ያድርጉት፤ ዘይት ከገባበት በኋላ ቅባቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ኤታኖልም ልብ ሊባል ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ የካርቡራቶሩን ስስ ጎማዎችም ያደርቃል። የቤንዚንዎ ይዘት ምንም ይሁን ምን ቅልቅሉን ከአንድ ወር በላይ አያቆዩ። የሳምንት ሥራ የሚበቃውን ብቻ ያዘጋጁ።

ጥርጣሬ ካለዎት አሮጌውን ደፍተው ሳይሆን በጀሪካን አጠራቅመው፣ ሰርባቶዮውን በትንሽ ንጹሕ ቤንዚን አለቅልቀው፣ አዲስ ቅልቅል ይሙሉ። ብዙ መጋዝ እዚህ ላይ ይድናል።

እርምጃ 2፦ መተንፈሻ፣ ፊልትሮና ቱቦ

ሰርባቶዮ ቤንዚን ሲወጣለት በምትኩ አየር ማስገባት አለበት። ለዚህ ከክዳኑ ውስጥ ወይም ከሰርባቶዮው በላይ ትንሽ መተንፈሻ ተሠርቶለታል። መተንፈሻው በሰጋቱራና በዘይት ሲደፈን፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ጀሪካን ሲንቆረቆር ቆይቶ እንደሚታፈነው ቤንዚኑ መፍሰሱን ያቆማል። ሞተሩም እየተንተፋተፈ ይጠፋል። ቆይቶ አየሩ በቀስታ ሲገባ መልሶ ይነሣል።

ሙከራው ይህ ነው። መጋዙ ሲጠፋ ማርሚታው እስኪበርድ ጥቂት ይጠብቁ፤ ከዚያ ክዳኑን በቀስታ ያላሉ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ሲፍ የሚል ድምፅ ከሰሙና መጋዙ ወዲያው ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ከሠራ፣ መተንፈሻው ተገኘ። በብሩሽና በንጹሕ ቤንዚን ያጽዱት፤ ካልተከፈተ ይቀይሩት። አንዳንድ ሰው በክዳኑ ላይ በምስማር ቀዳዳ ሲያበጅለት ይታያል። መጋዙ በርግጥ ይሠራል፤ በተገለበጠ ቁጥር ግን ቤንዚን በሠራተኛው ሱሪና በጋለ ማርሚታ ላይ ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ብልሃት አልመክርም።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ጫፉ በታጠፈው ሽቦ ቱቦውን ጎትተው ያውጡ። ጫፉ ላይ ያለው የቤንዚን ፊልትሮ ነው። ከጠቆረ ወይም ከጠነከረ አጥቦ መመለስ ብዙም አይጠቅምም፤ ይቀየር። ቱቦውን በጣት አጠፍ አጠፍ አድርገው ይመልከቱት። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው ከሰርባቶዮው በሚወጣበት አንገት ላይ ነው፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲያዩት አይታይም፣ ሲታጠፍ ይከፈታል።

እርምጃ 3፦ አየር

ቾኩን ዘግተው የላይኛውን ሽፋን ያንሡ፤ ቾኩ መዘጋቱ ቆሻሻ ወደ ካርቡራቶሩ እንዳይገባ ይከላከላል። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ከውስጥ ወደ ውጭ ያራግፉ። ቅባት የያዘ ከሆነ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይመልሱት። በኮምፕረሰር ኃይለኛ አየር ከቅርብ መንፋት ወንፊቱን ይበሳዋል። ወደ ብርሃን አንሥተው ቀዳዳ ካዩ ይጣል፤ ለአንድ ቀን የገባ አቧራ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል።

በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን የጎማ አንገትም ይፈትሹ። ከተሰነጠቀ ሞተሩ የተጣራም ያልተለካም አየር ይስባል፤ ሚኒሞው አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። የማስነሻ ገመዱን ሽፋን ፈትተው የቮላኖውን (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚሽከረከረውን ባለ ማግኔት ጎማ) ክንፎችና የሲሊንደሩን ማቀዝቀዣ ሰርጦችም ከሰጋቱራ ያጽዱ።

እርምጃ 4፦ ካንዴላና ቦቢና

ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ያንብቡ። ፈዛዛ ቡና ዓይነት ከሆነ ቅልቅሉም አየሩም ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፣ አለዚያም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ነጭና የተጠበሰ የሚመስል ከሆነ ቤንዚን እያነሰው ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ መጋዙን ዳግም አያስነሡት። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ይሁን።

እሳቱን ለማየት ኮፍያውን በካንዴላው ላይ መልሰው የካንዴላውን ብረት ከሲሊንደሩ ብረት ጋር ያነካኩ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ያርቁት፣ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ተን ይቀጣጠላል። ማጥፊያውን ወደ መሥሪያው አድርገው ገመዱን ይሳቡ። ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ጥሩ ነው። ምንም ከሌለ ካንዴላውን በአዲሱ ይቀይሩና ይድገሙ። አሁንም ከሌለ ከቦቢናው ወደ ማጥፊያው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ከመያዣው ነቅለው እንደገና ይሞክሩ። እሳት ከመጣ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል፣ ወይም ማጥፊያው ተበላሽቷል፤ ቦቢናው ጤነኛ ነው።

ሲሞቅ የሚጠፋውን መጋዝ ግን ይህን ሙከራ በርዶ ሳለ ቢያደርጉለት ዋጋ የለውም። እሳቱ መታየት ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ነው። የጋለውን ክፍል ሳይነኩ፣ በጓንት፣ ቶሎ ይሞክሩት። ያን ጊዜ እሳት ጠፍቶ ሲበርድ ከተመለሰ ቦቢናው ይቀየር። አዲሱን ሲያስሩ በእርሱና በቮላኖው ማግኔት መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተዉ፤ ለዚህ ተራ የአድራሻ ካርድ በመካከላቸው አስገብቶ ብሎኖቹን ማጥበቅና ካርዱን ማውጣት ይበቃል።

እርምጃ 5፦ ማርሚታውና ከጀርባው ያለው

ዘይት የሚበዛበት ቅልቅል ማርሚታው አፍ ላይ ያለውን ትንሽ ወንፊት በካርቦን ይደፍናል። መጋዙ በሚኒሞ ደህና ይዞራል፤ ኃይል ሲጠየቅ ይታፈናል። ወንፊቱን አውጥተው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት። ጥለውት አይሥሩ፤ ሥራው ፍንጣሪ ማስቀረት ነው፣ በበጋ ደረቅ ቅጠል ላይ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል።

ማርሚታውን ከፈቱ ሳይዘጉት በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ፒስቶኑ ይታያል። ጎኑ ለስላሳ ከሆነ ይቀጥሉ። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቧጨራዎች ካሉ ከዚህ በኋላ ያለው ማስተካከያ ሁሉ ለዚህ ሞተር ትርፍ የለውም፤ ፒስቶን፣ ፋሻና ምናልባትም ሲሊንደር ያስፈልገዋል።

እርምጃ 6፦ ሰንሰለቱ

መጋዙ የሚቆርጠው ወደ ግንዱ ሲጫኑት ብቻ ከሆነ ሰንሰለቱ ደንዝዟል። ከስር የሚወጣውን ይመልከቱ፦ የተሳለ ሰንሰለት ቁራጭ ስንጣሪ ይጥላል፣ የደነዘዘ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ። ደረቅ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ልጡ ላይ የተጣበቀው አፈር ደግሞ ጥርሱን ከእንጨቱ ይብስ ይበላዋል።

ሞረዱ በሰንሰለቱ መጠን ይመረጣል፤ ለ0.325 ኢንች ሰንሰለት ብዙውን ጊዜ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለትልቁ 3/8 ኢንች ደግሞ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። በአብዛኛው 30 ዲግሪ አጋድመው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ እየገፉ፣ ለሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር ይሞርዱ። ውጥረቱን ሞተሩ በርዶ ይለኩ፦ ሰንሰለቱ ከመሪው ብረት በታች ሳይንጠለጠል በእጅ በነፃነት መጎተት አለበት። የሰንሰለት ፍሬኑ መለቀቁንም ያረጋግጡ። ፍሬኑ በከፊል ይዞ የሚሠራ መጋዝ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያያይዘውን) ያቃጥላል።

ቤንዚኑ ሲያልቅ የሰንሰለት ዘይቱም ሊያልቅ የተቃረበ መሆን አለበት። ቤንዚኑ ሲያልቅ ዘይቱ ከሞላ ጎደል እንዳለ ከሆነ መንገዱ ተደፍኗል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጠቀም የተለመደ ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን የዘይት ፓምፑንና መሪውን ብረት ይጨርሳል።

እርምጃ 7፦ አሁን ካቻቢቴውን ያንሡ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ተራው የካርቡራቶሩ ነው። መጀመሪያ ይጽዳ። ከመፍታትዎ በፊትና በየደረጃው በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ የስሱ ጎማና የጓርኒሲዮኑ (በመካከል የሚገባው ስስ መዝጊያ) ቅደም ተከተል በየካርቡራቶሩ ይለያያል፣ ተገላብጦ የገባ ደግሞ ቤንዚን አይስብም። በአንዱ ሽፋን ስር እጅግ ጥቃቅን ወንፊት አለ፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻው እዚያ ይገኛል። ዲያፍራም የሚባለው ስስ ጎማ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርቋል፤ የጥገና ኪት ተብሎ የሚሸጠውን ሙሉውን ይቀይሩ። በሽቦ ቀዳዳ አይጎርጉሩ።

ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ኤል የዝቅተኛውን ፍጥነት ቤንዚን፣ ኤች የከፍተኛውን ይመጥናሉ፤ ሦስተኛው፣ ኤል ኤ ወይም ቲ የተጻፈበት፣ ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ኤልንና ኤችን ወደ ቀኝ ማጥበቅ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ማላላት ይጨምራል። አዳዲስ መጋዞች ኤም ትሮኒክ ወይም አውቶ ቱን የሚባል በራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ስላላቸው እነዚህ ብሎኖች ላይኖራቸው ይችላል።

1. ሁለቱንም ብሎኖች በቀስታ እስኪነኩ ያጥብቁ፤ ጠንክረው አይጫኑ፣ መቀመጫው ይጎዳል። ከዚያ መመሪያ መጽሐፉ ባለው ልክ ያላሉ፤ በብዙዎቹ ላይ መነሻው አንድ ዙር ገደማ ነው።
2. ሞተሩን አስነሥተው ያሙቁት። ኤልን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ሚኒሞው ከሁሉም ከፍ የሚልበትን ቦታ ያግኙ፤ ከዚያ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ወደ ግራ ያላሉ።
3. ነዳጅ በአንዴ ይስጡ። ተንተፋትፎ ከተነሣ ኤልን ጥቂት ይጨምሩለት።
4. በሦስተኛው ብሎን ሚኒሞውን ያስተካክሉ። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞር አለበት፣ ሰንሰለቱ ግን ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም።
5. ኤችን በመጨረሻ ይንኩ። ያለ ግንድ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ ትንሽ የሚንተከተክ፣ ግንድ ውስጥ ሲገባ የሚጠራ ይሁን። ያለ ጭነት ጥርት ያለ ቀጭን ጩኸት ካወጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ወዲያው ያላሉ።

ደጋና ቆላ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይጨመርበታል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መጋዝ ደጋ ሲወጣ አየር ያንሰዋል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በሚኒሞ ይጠፋል። ለዚህ ኤችንና ኤልን በጥቂቱ ማጥበቅ ትክክል ነው። የጠፋውን ኃይል ሁሉ ግን አይመልስም፤ ያ የአየሩ ጉዳይ ነው። አደጋው ያለው በመልሱ ጉዞ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ፣ የጠበቀ መጋዝ በዚያው መንገድ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ቢነሣ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። መጋዙ ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው ይበልጥ ፈጣንና ጎበዝ ይመስላል፤ ከዚያ ፒስቶኑ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ቆላ ሲወርዱ ከመቁረጥዎ በፊት ብሎኖቹን ያላሉ። ጥርጣሬ ሲኖር ቤንዚን ይብዛ፤ የሚያስከፍለው ጭስና ትንሽ ኃይል ብቻ ነው።

እንክብካቤ

በየቀኑ፦ የአየር ፊልትሮውን ያራግፉ፣ ሰንሰለቱን ይሳሉ፣ በፍሪሲዮኑ ሽፋን ስር የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ ያውጡ፤ ቤንዚን በሚሞሉበት ጊዜ የክዳኑን ዙሪያ መጀመሪያ ይጥረጉ። በየሳምንቱ የመሪውን ብረት ሰርጥ ያጽዱና ብረቱን ገልብጠው ይግጠሙት፤ አንድ ጎኑ ብቻ እንዳይበላ። ካንዴላውንና የማቀዝቀዣ ሰርጦቹንም ያኔ ይመልከቱ። የቤንዚን ፊልትሮው ቢያንስ በዓመት አንዴ ይቀየር።

ክረምት መጥቶ መጋዙ የሚቀመጥ ከሆነ ሰርባቶዮውን ባዶ ያድርጉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው በራሱ እስኪጠፋ በሚኒሞ ይተዉት፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው እንዲያልቅ። ሰንሰለቱን ዘይት ቀብተው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

ወደ ሙያተኛ መቼ?

የካንዴላው ኮፍያ ተነቅሎ፣ ማጥፊያው ጠፍቶ፣ የሰንሰለት ፍሬኑ ተይዞ መጋዙን በማስነሻው ገመድ ያንጠልጥሉት። በራሱ ክብደት በየመጭመቂያው እየቆመ በዝግታ ከወረደ ግፊት አለው። ሳይቆም ተንሸራትቶ ከወረደ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ሚኒሞው አልረጋ ያለ፣ ጎማው ሁሉ ተቀይሮም የማይስተካከል መጋዝ ደግሞ ኦይል ሲሉ የግፊት ፍተሻ ይፈልጋል፤ ለዚህ መሣሪያ ያለው ሙያተኛ ይፈልጉ። ሲወስዱት «ይጠፋል» ብቻ አይበሉት። ሲሞቅ ነው ሲበርድ፣ በሚኒሞ ነው በጭነት፣ በአንዴ ነው እየደከመ፣ የትኞቹን ዕቃዎች እንደቀየሩ ጭምር ይንገሩት፤ የፍለጋውን ሰዓት እርስዎ ናቸው የሚከፍሉት።